የእማዬ ቅልጥምና የወለቃው ማሰሮ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዳኛው፣ አሥመራ።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ያ ከጋራዡ ጭስ የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ፊትህን አዙረህ እየተደበቅህ ትስላለህ? የአሥመራ ብርድስ ከዳባት ብርድ ይብሳል ወይስ ይሻላል? ያስጠጉህ የአጎታችን ልጅ ተክለ ጊዮርጊስና ባለቤቱ ወለተሩፋኤል ደኅና ናቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልህ ግን ከእማዬ እግርና ከእኔ ልብ በቀር ማለቴ ነው። የእግሯን መጀመሪያ፣ የልቤን ቀጥዬ እነግርሃለሁና አረፍ ብለህ አንብበው።

እማዬ በቅበላ ሰሞን ከቅዳሴ ስትመለስ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀች፤ ግራ ቅልጥሟ ተሰበረ። በሰው አገር ሆነህ እንዳትደነግጥ ብዬ እስከ ዛሬ ዝም ብዬህ ነበር። ወዲያው ወጌሻውን አያ ክንዱን አስጠራን። ታስታውሳቸው የለም? በጣሊያን ጊዜ ሐኪም ቤት ሲላላኩ ቆይተው፣ ጣሊያን ሲወጣ ወጌሻ ሆነው የቀሩት፤ እጃቸው ብረት፣ ወሬያቸው ማር። አጥንቱን መለሱና በቀርቀሃ ስንጣሪ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ከዚያም "እመት እንኳየሁ፣ በዚህ ዕድሜ አጥንት በጸሎት ብቻ አይገጥምም፤ የበሬ ቅልጥም ያስፈልግዎታል፤ በየማለዳው አንድ ማንኪያ" አሏት።

እማዬ "ሁዳዴ ሊገባ ነው እኮ!" ብላ ጮኸች። እግሯ ሲመለስ እንኳ እንደዚያ አልጮኸችም። ነገሩ በእኔ አቅም የሚፈታ አልሆነምና የንስሐ አባቷን አባ ወልደ ገብርኤልን ይዤ መጣሁ። እሳቸውም "ሕመምተኛ ነሽ፤ ከጾሙ ፈትቼሻለሁ። ከእንግዲህ አልበላም ማለት ትዕቢት ነው" ብለው ገሠጿት። እማዬ መስቀላቸውን ተሳለመች እንጂ እሺም አላለች፣ እምቢም አላለች። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

መቼም በሁዳዴ በሬ የሚጥል ክርስቲያን የለም። ስለዚህ የቅበላ ዕለት የቅርጫ ማኅበርተኞቻችንን በየቤታቸው እየዞርሁ ቅልጥም ለመንሁ። ለእማዬ እግር ነው ስላቸው ሁሉም አውጥተው ሰጡኝ። የባዬ ሚስት ብቻ "ባዬ ቅልጥም ሳይመጥ ጾም ከገባበት እስከ ፋሲካ ያኮርፈኛል፤ ለፋሲካ እክስሻለሁ" ብላ የእሷን አስቀረች። ይህንን በልቤ ይዤዋለሁ። አጥንቱን ቀቅዬ፣ ፈልጬ፣ መቅኔውን አውጥቼ፣ ከንጥር ቅቤ ጋር አቅልጬ አፈ ጠባብ የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ማሰሮ ሞላሁት። ሱቄን ትቼ ከአራዳ በየማለዳው መምጣት ስለማልችል ማሰሮውን ለሚስትህ ለይመኙሽ አስረከብኋት። እማዬን የምታበላት እንግዲህ እሷ ነበረች።

በዚህ በመቅኔ ነገር ሰፈሩ ሁሉ ሊቅ ሆኖልሃል። አባ ወልደ ገብርኤል "በግእዝ አንጕዕ ይባላል፤ የአጥንቱንም የራስ ቅሉንም ይጠራበታል፤ አንጎል የምንለውም ከዚያው የወጣ ነው" ብለው አስተማሩን። ጎረቤታችን ሐዲጃ ይህን ስትሰማ "በዐረብኛውም ያው ነው፤ ሙኽ ሲባል አንጎልም ነው መቅኔም ነው። ታዲያ ማን ከማን ሰረቀ?" አለች። አያ ክንዱ በበኩላቸው ጣሊያኖቹ ሚዶሎ እንደሚሉትና ሚዶሎ የበላ ወታደር ሲሮጥ የሚይዘው እንደማይገኝ ተረኩልን። ሐዲጃ ቀበል አድርጋ "ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ?" ብትላቸው እማዬ ከነሕመሟ ሳቀች። እኛ ደግሞ ቅልጥም ስንል አጥንቱንም ነው፣ ውስጡ ያለውንም ነው፤ የደከመ ሰው መቅኔዬ ፈሰሰ ይላል፤ እማዬም የያዘው ሁሉ የማይበረክትለትን ሰው መቅኖ ቢስ ትለዋለች። ይመኙሽን "በእናንተ በአይከል ምን ትሉታላችሁ?" ብዬ ጠየቅኋት። አያቷ በቅማንትኛ የሚጠሩበት ስም እንዳለው ነገረችኝና ቃሉን ስትናገር ፈገግ አለች። ሁለቴ አስደገምኋት፤ ጆሮዬ አልያዘው አለ፤ ፈገግታዋን ግን ዓይኔ ያዘው። ምነው ፈገግ አለች? ዳኛው፣ ልቤን ቆንጠጥ ያደረገኝ ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከፍቼ መጠበቅ ጀመርሁ። ማሰሮው እንደታዘዘው ጎደል፣ ጎደል ይላል። የእማዬ ጉንጭ ግን አብሮት ይጎድላል እንጂ አይሞላም። ማታ መጥቼ "በላሽ ወይ?" ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ "የታዘዘው እየተፈጸመ ነው" ትለኛለች። እስቲ ሰው ስለ ቁርሱ ሲጠየቅ እንዲህ ብሎ ይመልሳል? ፈርታ ነው አልሁ። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ መደቧ ላይ ተኝታ የምታበላትን ሴት ፈርታ ነው።

ሚስትህን ደግሞ ብታያት! የሁላችን ከንፈር በጾም ተሰነጣጥቆ፣ ፊታችን አመድ መስሎ ሳለ የእሷ እጅ እንደተወለወለ ብርሌ ያበራል። ጸጉሯ የሙሽራ ጸጉር ሆኗል። የሻሿን ጠርዝ ብትዳስሰው ጣትህ ይንሸራተታል። ማንኪያው ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ደረቅ ነው፤ በጥፍሬ ፍቄ አየሁት፣ አንዳች ቅባት የለበትም። ድመቷም ሌላ ሥፍራ አልቀመጥ ብላለች፤ ወይ ከእማዬ መደብ ሥር ናት፣ ወይ ከይመኙሽ ቀሚስ ሥር። ሐዲጃን ብጠይቃት "እኔ ነገር አልወድም" ካለች በኋላ ጧት ጧት በሩ ፀሐይ እስኪሞቅ ተቀርቅሮ እንደሚቆይ ነገረችኝ። የሚያስታምም ሰው በር ምን ያስቀረቅረዋል?

አንድ ቀን ትንፋሿን ላሸት ብዬ ተጠግቼ ደጋግሜ ሳምኋት። "እትዬ፣ ዛሬስ ምነው እንዲህ ወደድሽኝ?" አለችኝ። አፏ ሽምብራ ሽምብራ ብቻ ይላል። እኔ ግን በዚህ የምታለል አይደለሁም፤ ቅባት በልቶ ቆሎ መቆርጠም ማንን ያቅተዋል?

እንግዲህ ወንድሜ፣ ለጥምቀት መጥተህ ስትመለስ "እማዬን አደራ" ብለህ ይህችን ልጅ እዚህ ቤት የተውሃት አንተ ነህ። እኔ መቼም በሰው ትዳር ገብቼ አላውቅም። ነገር ግን ከታመመች እናት አፍ የሚነጥቅ እጅ ነገ ከልጅህ አፍ አይነጥቅም ትላለህ? ለአባቷ ላክባቸውና ከፋሲካ በፊት መጥተው ወደ አይከል ይውሰዷት። አንተ አፍረህ ዝም ካልህ እኔው ራሴ ሰው እልካለሁ። ይህን ደብዳቤ የሐዲጃ ባል ያሕያ ነገ በጭነት ማኪናው ይዞልህ ይወጣል፤ መልስህንም በእሱ እጅ እጠብቃለሁ።

ዳኛው፣ ከላይ ያለውን የጻፍሁት ማክሰኞ ነው፤ ዛሬ ኀሙስ ሆኗል። የያሕያ ማኪና ጎማዋ ፈንድቶ ሳትነሣ ቀረች፤ ደብዳቤውም እኔው ዘንድ ከረመ። አልቀደድሁትም። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

ትናንት ሱቄን ሳልከፍት፣ እጅ ከፍንጅ ልይዛት በማለዳ ወደ እማዬ ቤት ገሠገሥሁ። በሩ እንደተባለው ተቀርቅሯል። በጓሮ ዞሬ ዓይኔን ከመስኮቱ ስንጥቅ ላይ አስጠጋሁ። እማዬ ጋቢዋን ገልጣ እግሯን ዘርግታለች። ይመኙሽ ከማሰሮው በጣቷ እየዛቀች፣ እጇን በስንጣሪው መካከል እያሾለከች ቅልጥሟን ታሻታለች። እማዬ ዳዊቷን ትደግማለች፤ መሐል ላይ እያቋረጠች "ወደ ላይ… ትንሽ ወደ ላይ… እህ፣ እዚያ ጋ" ትላለች። ድመቷ ከሥር ሆና የሚንጠባጠበውን ትጠብቃለች። ይመኙሽ ስትጨርስ እጇ ላይ የቀረውን በጸጉሯ ጠረገችው።

በሩን እስኪነቃነቅ ደበደብሁት። ሲከፈትልኝ "እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልሁ። "መድኃኒቴ ነዋ" አለች፣ ጋቢዋን እንኳ ሳትመልስ። እንድትበላው ነው እኮ የታዘዘልሽ ብላት "ቅልጥም ለቅልጥሜ ነው የታዘዘው። በአፍ ቢገባ ስንት አንጀት ዞሮ ነው እግሬ የሚደርስ፤ እኔ በአቋራጭ ሰደድሁት። በቆዳ የገባ ጾም አይገድፍም። ከልጅነቴ ጀምሮ የጾምሁትን በማንኪያ ላፍስሰው?" አለችኝ። አባ ፈትተውሽ የለም ወይ ስላት "እሳቸው ፈቱኝ፤ እኔ ፍቱኝ አላልሁ!" አለች። ሲጠይቁሽስ ምን ልትያቸው ነው ብዬ አፋጠጥኋት። "ማሰሮው እየጎደለ ነው እላቸዋለሁ። እስቲ ይሄ ውሸት አለበት?" አለች። ውሸትስ የለበትም፤ እኔም የተሸወድሁት በዚሁ እውነት ነው።

ወደ ይመኙሽ ዞሬ "አንቺስ ምነው ደበቅሽኝ?" አልኋት። እጇን ከቀሚሷ ኋላ ደብቃ "እማማ በመስቀል አስማሉኝ። አንቺም እትዬ፣ ስትመጪ ማሰሮውን ነበር እንጂ እኔን መች ታዪ ነበር" አለችኝ። ነጠላዬን አውልቄ እጇን ጠረግሁላት። እኔ እንዲህ አደረግሁ ስልህ አታምንም፣ ግን አደረግሁ።

ዛሬ ጧት አያ ክንዱ መጥተው ስንጣሪውን ፈቱ። ተጫን አድርገው፣ አንኳኩተው፣ ጆሯቸውን ሁሉ አስጠግተው "ይዟል! ሸጋ አድርጎ ይዟል! ለሆሳዕና በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። ይኸው ነው ሚዶሎ፣ ከአንጀት ሲገባ!" ብለው ፎከሩ። ሦስታችንም ድመቷን ማየት ያዝን። እግሯ ምነው እንዲህ ያበራል ብለው ቢጠይቁ እማዬ "ወዜ ነው" አለቻቸው። እኔ ግን አጥንቱ ሳይበሉም ሳይቀቡም የሚገጥም ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ይህን ለማንም እንዳትነግርብኝ። የእማዬን የመቀባት ዘዴ ለሐዲጃ ብነግራት "የኛም ጾም ደርሷል፤ ይህን ዐይነት ፍርድ የምታውቅ ሴት ለረመዳን አውሱን" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አያ ክንዱ ሲሄዱ ደብዳቤውን ልጨርስ ከደጅ ቁጭ አልሁ። ይመኙሽ ሽሮ ትነፋ ነበር። አየት አደረገችኝና "እትዬ፣ ስለ እኔ ነው የምትጽፊው?" አለች። ስለ እማዬ እግር ነው አልኋት። "ታዲያ ስለ እማማ እግር ስትጽፊ ምነው እኔን ቀና እያልሽ ታያለሽ? አንብቢልኝ" አለች። ፊደል እንደማታውቅ ታውቃለህ። የላይኛውን ዘልዬ የታችኛውን ባነብላት ማን ያየኛል ብዬ አሰብሁ። ግን እጆቿን ሳያቸው አልቻልሁም። ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁላት፤ ጸጉሯን፣ ማንኪያውን፣ ሁሉንም። ትንፋሿን ላሸት የሳምኋት ላይ ስደርስ ሳቀች። ወደ አይከል ይውሰዷት የሚለው ላይ ስደርስ ወንፊቱ ቆመ።

ወንፊቷን አስቀምጣ "እንዳለ ላኪለት። የት ቤት እንዳስቀመጠኝ እሱም ይወቅ" አለችኝ። ያልቀደድሁት ለዚህ ነው። ወንፊቷን አነሣችና ደግሞ "አንድ ነገር ግን ጨምሪበት" አለች። "ባለፈው ሰሞን እማማን አሽቼ ስጨርስ አንድ ጊዜ ጣቴን ልሻለሁ። አምሮኝ ነው፤ አልቻልሁም። ለአባ ልናገር እያልሁ አፍራለሁ። ይሄንንም ጻፊው።" ይኸው ጽፌዋለሁ።

ጠባዬን ታውቃለህ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን የትኛውን ጣት፣ በየትኛው ዕለት፣ ምን ያህል ብዬ አደርቃት ነበር። ጾም ገድፋ የማታውቅ ሴት በሁዳዴ ቅባት የሚያምራት ምን ብትሆን ነው ብዬ ግን አልጠየቅሁም። አንተም በደብዳቤ አትጠይቃት። ይልቅ ለፋሲካ ፈቃድ ለምነህ ና። የባዬ ሚስት ያስቀረችብኝን ቅልጥም ሄጄ አፋጥጬ እቀበላታለሁ፤ ለማን እንደማበላው አሁን አልናገርም።

ለተክለ ጊዮርጊስና ለወለተሩፋኤል ከእግር እስከ ራሳቸው ሰላም በልልኝ። እማዬ "ዳኛው ሳሉን ማር ይዋጥበት፣ ማር እየላሰ ግን ጾሙን እንዳይረሳ" ብላ ሁለት ጉንጭህን ስማሃለች። ሐዲጃ "ያሕያን በጊዜ መልስልኝ" ትልሃለች። አያ ክንዱም፣ አባ ወልደ ገብርኤልም ሰላም ይሉሃል፤ አባ ይህን ደብዳቤ አላዩትም፣ አያዩትምም። ይመኙሽ ሰላምታዋን ጻፊ ብላት "እሱን ሲመጣ እነግረዋለሁ" አለችኝ።

ነገር ወዳድ እህትህ፣
ሸዋአየሁ

ጎንደር፣ ከእማዬ ቤት ደጃፍ
መጋቢት ፲፱ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.