የቀናሁብሽ ምርመራ

ውድ ታናሼ፣

እንኳን ዳንሽ። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው፤ የቀረውን ከደበቅኩሽ ግን ይሄም ውሸት ይሆንብኛል። ቀንቼብሻለሁ።

ሳሉ አልለቅ ሲልሽ ከምታስተምሪበት ፈቃድ ወስደሽ ቤት መጣሽ፤ ጤና ጣቢያ ይዤሽ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጠዋት አክታ ሰጠሽ። የላብራቶሪዋ ሴት ሬዲዮ የምታክል መሣሪያ ውስጥ ከተተችው፤ እኛ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መጣች። እንደ ልማዴ ከንፈሯን አነበብኩ።

«ቲቢ ነው፤ መድኃኒት የተላመደው ዓይነት። በጊዜ ስለተገኘ ትክክለኛውን ሳንዘገይ እንጀምርልሻለን።»

«መርፌ አለው?» አልኳት ቀድሜሽ።

«መርፌማ ድሮ ቀረ! ክኒን ብቻ ነው።»

ድሮ ያለችው የእኔን ዘመን ነው። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ አታስታውሺም። የእኔ አክታ ሩቅ ከተማ ተልኮ፣ ክረምቱ ወጥቶ በጋው እስኪጋመስ ውጤቱ አልመጣም። እንዲህ ያለ መሣሪያ በሰፈራችን አልነበረም፤ ባለበትም ዋጋው አይቀመስም። የማይሠራ መድኃኒት ስውጥ ሳንባዬ ሲበላ ከረመ። ኋላ የመጣው መርፌ ነፍሴን መልሶ ጆሮዬን ወሰደ። የሆቴሉ ስልክ ማዞሪያ ላይ «ማንን ላገናኝዎ?» እያልኩ የምሠራው ሥራ በዚያው ቀረ። ጓደኞቼ መጀመሪያ ጮክ ብለው ያወሩኝ ነበር፤ በኋላ ደከማቸው።

«እህትዓለም፣ እኔም እንዳንቺ እሆናለሁ?» አልሽኝ እጄን ይዘሽ።

«አትሆኚም» ብዬሽ እጄን ነጥቄ ወጣሁ። ላንቺ የደነገጥኩ መስሎሽ ይሆናል። እኔ ግን ደጅ ቆሜ «ለእሷ ሲሆን ሁሉም ተገኘ!» እያልኩ አለቅስ ነበር።

ቤት ገብቼ መስፊያ መኪናዬ ላይ ተደፋሁ። እማዬ ትከሻዬን ነክታ ፊቷን ወደ እኔ አዞረችልኝ።

«ምነው? ትሞታለች አሉሽ?»

«አትሞትም። ጆሮዋም አይነካም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«እሱ ነዋ!»

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ትክ ብላ አየችኝና፣ እንዳነበው ቀስ ብላ፣ «እኔም፣ ልጄ» አለች። «ያኔ በኖረ እያልኩ አንጀቴ አሯል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ክኒንሽን ስትውጪ ውሃ አቀረብኩልሽ፤ ሲያቅለሸልሽሽ ጀርባሽን አሻሸሁ። ሳልቀና የዋልኩበት ቀን ግን የለም። በሩ ሲንኳኳ ቀድመሽኝ ስትነሺ እንኳ ያንገበግበኝ ነበር።

የመጨረሻው ምርመራሽ ንጹሕ መሆኑን ልትነግሪን ትናንት ከሥራ ቦታሽ ስትደውዪ ስልኩን ያነሳችው እማዬ ናት። ተቀምጬ አየኋት። ትስቃለች፣ «እ? እ?» ትላለች፣ ደግሞ ትስቃለች። እኔ የማውቀው ድምፅሽ «እዘዪኝ» የሚለውን የሕፃን ድምፅ ነው። ያደገውን አንድም ቀን አልሰማሁትም። በአንቺ መቅናቴ ሳያልቅ በእማዬም ቀናሁ።

ስትመጪ ከሁሉ በፊት እኔ ዘንድ ግቢ። መስኮቱ ፊት ተቀመጪና ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ይረፍ። ሳትቸኩዪ አውሪኝ።

ቀናተኛዋ እህትሽ