ፀሐያችንን በቆርቆሮ ለሸፈኑልን የቤቶች አስተዳደር ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን ቤቶች አስተዳደር ኃላፊ
መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 2003 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ማራገቢያም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሰሞኑን መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ደጋግሜ እየተነሣሁ በሩን አያለሁ።

አንደኛ፣ አምና ሰሊጥ ሊገባ ሲል የምንኖርበትን የቀበሌ ግቢ ለአንድ ነጋዴ መጋዘንነት ፈቅደው ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ስላለበሱልን እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ በቀትር አምፖል አብርተን ወጥ እንሠራለን። ከበሩ ውጭ ድንበር አልፈው ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚሻገሩት የጭነት መኪኖች ተጠጋግተው ስለሚቆሙ፣ እኔ ሳስተምር ስውል ልጄን አይናለምን የምትጠብቃት ሞግዚቷ አየሁሽ ይዛት እንዳትወጣ ከልክያት ነበር። ልጄ ድንጋይ በሚያቃጥል ፀሐይ አገር ጨለማ ውስጥ አደገች።

ሁለተኛ፣ አይናለም ዓመት አልፏት አንድ ጥርስ አላወጣችም፤ ሲያቆሟት እግሯ ይታጠፋል፤ ጉንፋኑ ሲለቃት ሳሉ ይይዛታል። ጎንደር ወሰድኳት። ሐኪሙ የእጇን አንጓ ዳብሶ ፀሐይ ትሞቃለች ወይ ቢለኝ፣ ከመተማ ነው የመጣነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ቫይታሚን ዲ በአብዛኛው የሚገኘው ፀሐይ ቆዳ ላይ ሲያርፍ መሆኑን፣ ሲያንስ አጥንት እንደሚለሰልስ፣ ጥርስ እንደሚዘገይና ቢወጣም ቶሎ እንደሚበላሽ፣ ሰውነትም ጉንፋንና ሳል የሚያመጡ ቫይረሶችን ለመቋቋም እንደሚቸገር አስረዳኝ፤ ሳሉ ሁሉ ከዚህ ነው ግን አላለም። ጠብታ አዘዘላት፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት አለኝ። ስንመለስ እስከ ሸሕዲ ከተማ ድረስ ፊቴን ወደ ሚኒባሱ መስኮት አዙሬ አለቀስሁ።

ሦስተኛ፣ ከጥጉ ጥቂት ቆርቆሮ እንዲነሣልን ስለምንዎ፣ «መምህርት፣ መተማ ተቀምጦ ፀሐይ አጣሁ ማለት አያሳፍርም?» ብለው ስላስተማሩኝ ባለውለታዎ ነኝ። የማመልከቻዬን መልስ ስጠብቅ ክረምቱ ወጣ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ጋሼ ዋሴ፣ ጡረታ የወጡት የግሬደር ኦፕሬተር፣ መሰላል ተውሰው ሁለት ቆርቆሮ ገለጡልን። አይናለም ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቆይታ እጇን ዘረጋች።

ለማመልከቻዬ ጊዜ ያጣው ቢሮዎ ለቆርቆሮው በዚያው ቀን ከነፖሊሱ ስለደረሰልን ቅልጥፍናዎን አደንቃለሁ። «ሰሊጡን ዝናብ ቢመታውስ?» አሉኝ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ። «ልጄስ?» አልኩዎት። እስከ ሰኞ እንዲከደን አዘው ሄዱ።

ነገ ሰኞ ነው። ልጄ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀምራለች፤ ድዷ ላይም ነጭ ነጥብ ታይቷል። ሳሉ ገና አልተዋትም። እኔ ከትምህርት ቤት አስፈቅጃለሁ፤ ሠራተኞችዎ መዶሻ ይዘው ሲመጡ ከልጄ ጋር እዚያው ብርሃኑ ላይ ተቀምጠን እንቀበላቸዋለን። ጋሼ ዋሴም መሰላሉን ለባለቤቱ አልመለሱም።

ጥላዎ ከሚገባው በላይ የደረሳት፣ ኪራይዋን በወቅቱ የምትከፍል ተከራይዎ፣
መምህርት ዝናሽ ውባንተ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በቢሮዎ ኮሪደር «ሕፃናትን የጠዋት ፀሐይ እናሙቅ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ኮሪደሩ ስለሚጨልም እስካሁን ካላነበቡት የእጅ ባትሪ ላውስዎ ዝግጁ ነኝ።