ማኅተም ያረፈባቸው ስድስት ባዶ ገጾች

ሐይቅ፣ ጥቅምት 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

እጅግ የማከብርዎ ጓድ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የምትፈርመው እጅዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ትንሽ ነገር ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የተለጠፉት ስድስት ወረቀቶች ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍባቸው በንጣታቸው ዓይን ይወጋሉና፣ ለአላፊ አግዳሚው ሲባል አንድ ሁለት ፊደል ጣል ቢደረግባቸው ለማለት ነው።

ወረቀቶቹ አምና ከአካባቢያችን ወደ ሰፈራ የተወሰዱት ሰዎች ስምና ያሉበት ቦታ ዝርዝር መሆናቸውን ዘበኛው አቶ አስረስ አስረድተውኛል። እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስድስቱም ገጾች ባዶ ሲሆኑ በስድስቱም ላይ ፊርማዎና ማኅተምዎ አሉ። ያልተጻፈን አንብቦ ማጽደቅ ለሁሉም የሚሰጥ ችሎታ አይደለምና አመሰግናለሁ። ይነሱ ብዬ ስጠይቅ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያለ ደብዳቤ አይነሳም ተባልሁ።

2ኛ. ወረቀቶቹ የተባዙበት የማባዣ መኪና ጤነኛ ነው፤ ቀለምም አላለቀበትም። በመስኮት ቆሜ እንዳየሁት፣ ስሞቹ በጽሕፈት መኪና የተመቱበት የሰም ወረቀት ከጀርባው ያለው ደጋፊ ወረቀት ሳይነጠል ከበሮው ላይ ስለሚጠቀለል፣ ደጋፊው ቀለሙን እየከለከለ ባዶ ገጽ ይወጣል። ሠራተኞቹን ንጠሉት ብላቸው፣ ንብረት ክፍሉ ሁለቱን እንደ አንድ ዕቃ ስለመዘገበ አንድ ሆኖ የወጣ ዕቃ ሁለት ሆኖ አይመለስም አሉኝ። እኔ ይህን ሥራ ያወቅሁት ከአንድ የተጣለ የማባዣ መኪና ጋር ሁለት ክረምት ታግዬ ነው፤ ያስተማረኝ ስላልነበረ የከለከለኝም አልነበረም።

3ኛ. ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት የእኅቴ ልጅ ሂንድ ከእነዚህ ገጾች በአንዱ ላይ አለች። በተወሰደች ቀን እኔ ለሕክምና ደሴ ነበርሁ። ዓሣ በጠበሰች ቁጥር ሥጋውን ለድመቷ፣ እሾሁን ለእኔ ታደርጊያለሽ እያልሁ እከሳት ነበር፤ እሷም ድመቷ ከእኔ ይልቅ ምስጋና እንደምታውቅ ትነግረኝ ነበር። አሁን ድመቷን ራሷን እከሳለሁ። ለሂንድ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ በፖስታው ላይ ከስሟ በታች የምጽፈው አገር ስለሌለኝ አሥራ አንዱም ሳጥኔ ውስጥ ናቸው።

4ኛ. የማባዣ ክፍልዎን በተመለከተ

ይቅርታ ጓድ፣ በር ተንኳኳ። ከአምና ወዲህ በሬን ያንኳኳ ሰው የለምና አራተኛውን ቅሬታ እዚህ ላይ ትቼዋለሁ።

ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ ዘወትር የምመኝልዎ፣
ኑርዬ ይመር

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከስድስቱ ወረቀቶች ጎን

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመጣው ሰው ከመሥሪያ ቤትዎ ነው፤ ስሙን ከሰሌዳው ባዶ ወረቀቶች ላይ ያንብቡት። የሰም ወረቀቶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ ደጋፊያቸውን ነጥለን በመስኮቱ ብርሃን አነበብናቸው። ነገ ጠዋት ይመለሳሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነዋልና ንብረት ክፍሉን ያጽናኑልኝ። ሂንድ አሶሳ ናት፣ መንደር አሥራ ሁለት። ከስሟ አጠገብ፣ የቅርብ ዘመድ በሚለው ሥር፣ «የላትም» ተብሎ ተመትቷል። መኪናዎ ያን ቃል ብቻ ባዶ ቢያወጣው ደስ ባለኝ። አሁን ግን ስለተነበበ እባክዎ ሰርዘው ይጻፉልኝ፦ ኑርዬ ይመር፣ አጎቷ፣ ሐይቅ።