ሰርግ በእሳቱ ሰ

ሰኞ

አንደኛ ነን። ግን ማንም አይደውልም።

ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ ላይ «የሠርግ አልባሳት ኪራይ ደብረ ታቦር» ብዬ እየጻፍኩ እፈልጋለሁ። ማስታወቂያችን ከሁሉም በላይ ይወጣል። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ተፎካካሪያችን ባለመስታወቱ ቤት እንኳ የለም። ታዲያ ሙሽሮቹ የት ሄዱ? የጥር ሰርግ እኮ ነው!

እኅቴ እታለም ዛሬ ስፌቷን አልነካችም። ዐርብ ፓስፖርት ልታወጣ ባሕር ዳር ትወርዳለች። ከዚያ ዐረብ አገር። «ሱቁ ካልሠራ ምን ልሁን? ቬሎውን ለብሼ ልቀመጥ?» አለችኝ። ሳቅኩላት። በኋላ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ

ጎረቤታችን ጸጉር ቤት ውኃ ላደርስ ገባሁ። አንዲት ልጅ ተራ እየጠበቀች ስልኳ ላይ ትጽፋለች። በትከሻዋ አሻግሬ አየሁ። «ቬሎ ኪራይ ለሰርግ።» ሰርግ በእሳቱ ሰ! ባለመስታወቱ ቤት ከላይ ወጣ። እኛ ጭራሽ የለንም። ሱቃችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ «እኛም አለን» ማለት አቃተኝ። ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ።

ማስታወቂያውን የከፈተልን የአክስቴ ልጅ ጌትነት ነው፤ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ይሠራል። ደወልኩለት። ነገሩ ጨረታ ነው አለኝ። ሰው አንድ ነገር ጽፎ በፈለገ ቁጥር፣ ያንን ቃል የያዙት ሱቆች በዚያችው ቅጽበት ይጫረታሉ።

«እናንተ ሰው ባልመጣበት ጨረታ ነው አንደኛ የወጣችሁት» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ

በያዝናቸው ቃላት ላይ ቬሎን ጨመርኩ። ሰርግንም በእሳቱ ሰ ጨመርኩ። ወጣን፣ ግን መጨረሻ ላይ። እታለም «ዋጋ ጨምሪ!» አለች። ጨመርኩ። አንድ ደረጃ ከፍ አልን፤ ወዲያው ተመልሰን ወረድን። እጄ ከስልኩ አልላቀቅ አለ። ምሳ አልበላሁም።

ጌትነት ተቆጣኝ። «የበግ ጨረታ መሰለሽ እንዴ? ብዙ የጠራ ብቻ አይደለም የሚያሸንፈው።» ከዋጋው በላይ ሌላም ነገር ይታያል አለኝ። ማስታወቂያው ሰውየው ከጻፈው ጋር ይገጥማል? ሰው ይነካዋል? ሲነካውስ የፈለገውን ያገኛል? እዚህ ላይ የተሻለ በትንሽ ዋጋም ይበልጣል። ደግሞ የተጫረትነውን ሁሉ አንከፍልም፤ ሰው ሲነካን ብቻ፣ ያውም ከእኛ በታች ያለውን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል።

ስለዚህ ችግሩ ዋጋው አይደለም፤ ጽሑፉ ነው። ጽሑፉን ደግሞ የጻፉት አባባ ናቸው።

አባባ መሪጌታ ናቸው። ፊደል የተሳሳተበት የሱቅ ሰሌዳ ካዩ ቆመው ባለቤቱን ያስጠራሉ። ማን ይንገራቸው? እታለም «አንቺ» አለች። እኔ? እኔ እኮ አባባ ፊት ውኃ ስጡኝ ማለት የምፈራ ነኝ።

ሐሙስ

ነገርኳቸው። ከማኅሌት መጥተው ጋቢያቸውን ሳያወልቁ፣ ድፍረቴ ሳይጠፋብኝ።

«አባባ፣ ሰው ሠርግን በእሳቱ ሰ ነው የሚፈልገው።»

«ሰው ይሳሳታላ! በንጉሡ ሠ ነው። በእሳቱ ጽፎ መዳር ሙሽራን ያለ ጫማ መሸኘት ነው።»

«አልባሳትም አይሉም። ቬሎ ነው የሚሉት።»

«ቬሎ! ቬሎ ደግሞ የማን አገር ቃል ነው?»

እግሬን እያየሁ «እንዲህ ካልጻፍነው አያገኙንም። እታለም ነገ ትሄድብናለች» አልኩ።

አባባ ጋቢያቸውን አወለቁ፣ መልሰው ለበሱት። «ጻፊው እንግዲህ። እኔ ሳላይ ጻፊው።»

«ለሰርግዎ ቬሎ ኪራይ፣ ደብረ ታቦር» ብዬ ጻፍኩ። ሲነኩት የእታለም ቬሎዎች ፎቶ ብቻ እንዲወጣ አደረግኩ። ረፋድ ላይ ሦስተኛ። ከቀትር በኋላ ሁለተኛ፣ ያውም ትናንት የጨመርኩትን ዋጋ ቀንሼው! ቀጥሎ ደግሞ ሦስተኛ። ይሄ ነገር ለአፍታም አያርፍም።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። እታለም ገበያ ወጥታለች። እንዲቆም ጠበቅኩ፤ አልቆመም።

«ቬሎ ኪራይ ናችሁ?» የሴት ድምፅ። ከወረታ ነው።

«እ… አዎ።»

«ለልኬት መቼ ልምጣ? ከሚዜዎቼ ጋር ነን።»

«ነገ» አልኩ። ነገ! ሳላስበው ነው ያልኩት። ወይስ አስቤው ነው? እኔ እንጃ።

እታለም ስትገባ ነገርኳት። «ነገ እኮ መንገደኛ ነኝ፤ ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» ብላ ጮኸችብኝ። ቀጥላ «ሚዜዎቹ ስንት ናቸው?» አለች። አልጠየቅኩም። «ሙሽራዋስ ወፍራም ናት ቀጭን?» በስልክ እንዴት አውቃለሁ?

ይህን ስጽፍ ነጩን ቬሎ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን እየፈታች ነው። እሄዳለሁ አላለችም። እቀራለሁም አላለች። ቀና ሳትል «ብዕርሽን አስቀምጪና ይህን ጫፍ ያዢልኝ» አለችኝ።

ልያዝላት።