በማኅተሙ ላይ የሰከሩት ፊደሎች

ሰኞ

“ሰክሯል” ብሎ አባዬ ወረቀቱን መለሰልኝ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

ቆይ፣ ማነው የሰከረው? ሦስት ወር ሙሉ የደከምኩበት ፕሮግራም ነው። ምኑ ላይ እንደሰከረ እንኳ አይነግረኝም። የቱ ፊደል ነው ስለው “ሁሉም” ይላል። ወደ የት ነው ያዘነበለው ስለው “አንቺ አይታይሽም?” ይላል። አይታየኝም። ቢታየኝ ኖሮ እጠይቀው ነበር?

ንዴቴ ትንሽ እንዲበርድ ነገሩን ከመነሻው ልጻፈው። አባዬ እዚህ ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር ባለች አንድ በር ሱቅ ውስጥ ማኅተም እየቀረጸ ነው ያሳደገን። ክቡን በኮምፓስ ያሰምራል፣ ፊደሎቹን በእርሳስ ዙሪያውን ይደረድራል፣ ከዚያ ጎማው ላይ በምላጭ ይቆርጣል። ዘንድሮ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለደንበኛ አይናገርም፤ ሰው ሲገባ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። እኔም አዲስ አበባ የነበረኝን ሥራ ትቼ መጣሁ። ጎማ የሚቆርጥ የሌዘር ማሽን አስገባን። ከማሽኑ ጋር የመጣው ፕሮግራም ግን ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው። የማኅተሙን የላይኛውን ግማሽ፣ ኦሮምኛውን፣ በቁቤ ልቅም አድርጎ ይደረድረዋል። ታች አማርኛው ላይ ሲደርስ አንዱን ፊደል ከሌላው ያጋጫል፣ ሌላውን ያራርቃል። ሲሠሩት እኛን ያሰበን ሰው የለም። ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ።

አሁን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ፣ ጋሽ መርጋ፣ ለወንጂ፣ ለመቂ፣ ለቆቃና ለመተሐራ አጥቢያዎቻቸው ማኅተም አዘዋል። መጀመሪያ የመቂውን ናሙና ቅዳሜ ጠዋት ያያሉ። አባዬ ደግሞ ምን አደረገ? ለአከራያችን ለእማማ ጫልቱ “ፊደሉ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ቁልፉን አስረክባለሁ” ብሏቸዋል። እኔን ሳይጠይቅ። ዛሬ ከጎረቤት ነው የሰማሁት። ስጠይቀው “በስሜ የሰከረ ማኅተም አይወጣም። ሱቁ ይዘጋ” አለኝ።

እሱ ሱቁን ሲዘጋ እኔ የት እንደምገባ አላሰበም።

ማክሰኞ

ጋሽ መርጋ “እንዴት ሆነ?” ብለው ብቅ አሉ። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ስክሪኑ ላይ የተዘረጋው የሳቸው ማኅተም ነው። “ኮምፒውተሩን የሚሠራው ልጅ የታለ?” አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። “አይ፣ የሚጽፈውን አይደለም የኔ ልጅ፣ ፕሮግራሙን የሚያውቀውን ማለቴ ነው።” እሱንም እኔ ነኝ አልኳቸው። ሳቅ ብለው ወደ አባዬ ዞሩና ስለ ጤናው ጠየቁት።

እሳቸው ክፋት የለባቸውም። ያቃጠለኝ አባዬ ነው። እዚያው ቆሞ፣ ሁሉንም እየሰማ፣ ትንፍሽ አላለም። “ልጄ ናት የሠራችው” ማለት ምን ይከብዳል? “ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድም መርጋ” ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ሸኛቸው።

ከሄዱ በኋላ በንዴት ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሰው ኮምፒውተሩ ፊደሉን የሚያዞረው ይመስለዋል። የሚዞረው ስክሪኑ ላይ ያለው ወረቀት ነው። መጀመሪያ የወረቀቱን መነሻ ክቡ ላይ ፊደሉ ወደሚቆምባት ነጥብ እወስደዋለሁ። ከዚያ ወረቀቱን የሚያስፈልገውን ያህል ዲግሪ አዞረዋለሁ። ፊደሉን ቀጥ አድርጌ እጽፋለሁ። ወረቀቱን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ፊደል። ቅደም ተከተሉን ካዛባሁት ፊደሉ ከክቡ ወጥቶ የትም ይሄዳል፤ መመለሱን ከረሳሁ እያንዳንዱ ፊደል ካለፈው በላይ እየዞረ መጨረሻው ላይ በአናቱ ይተከላል። ሁለቱንም ስህተት ድሮ ሠርቼ፣ ድሮ አርሜያቸዋለሁ። ዛሬ አንድም ስህተት አላገኘሁም።

አባዬም በእርሳስ ሲሠራ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። እጁን አያዞርም፤ ወረቀቱን በጣቱ ገፋ እያደረገ ፊደሉን ከፊቱ ቀጥ አድርጎ ይጽፋል። ልጅ ሆኜ ስንቴ አይቼዋለሁ። ታዲያ የሱ ሲቆም የኔ ለምን ይሰክራል?

እሮብ

እስከ ዛሬ ያስተካከልኳቸው ነገሮች፣ ማንም ስላላመሰገነኝ ራሴ ልቁጠራቸው፦

የታችኛው ጽሑፍ ተገልብጦ ነበር፤ አሁን ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።
ኮምፒውተሩ ፊደል ሲለካ ግራና ቀኙ ላይ የሚጨምራትን ክፍተት ቀንሼዋለሁ።
ሰፊና ጠባብ ፊደል እኩል ቦታ ይዞ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ በስፋቱ ልክ ይይዛል።
የፊደሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ነበር፤ ለስልሷል።
እያንዳንዱ ፊደል በግራ ጫፉ ላይ ይዞር ነበር፤ አሁን ልክ መሃሉ ላይ ይዞራል።

ይህንን ሁሉ ይዤ ማኅተሙን በትልቁ አተምኩት፣ ከመሃል እስከ እያንዳንዱ ፊደል ቀይ መስመር አሰመርኩበት። ፕሮትራክተር አምጥቼ አባዬ ፊት ዘረጋሁ። ተመልከት፣ መስመሩ እያንዳንዱን ፊደል ለሁለት እኩል ይከፍለዋል፤ በግማሽ ዲግሪ እንኳ ያጠፋሁት የለም አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ አየ። “ልክ ነሽ” አለኝ። ደስታዬ ገና አፌ ላይ ሳይደርስ “እና ለምን ሰከረ?” አለኝ።

ፕሮትራክተሩን ወርውሬዋለሁ። ግድግዳው ላይ እንጂ እሱ ላይ አይደለም።

አዲስ አበባ አብራኝ ትሠራ ለነበረችው ለስምረት ደወልኩላት። ምስሉን ላክሁላት። “አንቺ ደግሞ፣ ማን ያየዋል? ማኅተም እኮ ደረሰኝ ላይ ተመትቶ ፋይል ውስጥ የሚገባ ነገር ነው” አለችኝ። ልክ ናት። ግን ስልኩን ስዘጋ የተናደድኩት በሷ ነው። ማን ያየዋል ተብሎ የሚሠራ ሥራማ አዲስ አበባም ሞልቶኝ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ነገ ዓርብ፣ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ፣ እና መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። አጠገባችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጄኔሬተር አለው፤ ሶኬት ስጡኝ ብላቸው “ጄኔሬተሩን ይጫነዋል” አሉኝ። አንድ ላፕቶፕ ነው የሚጫነው? አባዬ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ስለነበረው በባጃጅ ሄደ። እኔ ብቻዬን በሙቀቱ ውስጥ ተቀመጥኩ። የምጮህበት ሰው እንኳ የለም።

ሌላ የምሠራው ስላጣሁ መደርደሪያውን ማራገፍ ጀመርኩ። የአባዬ ደብተሮች እዚያ ናቸው። ማኅተም ያለ ደብዳቤ አይሠራም፤ የሠራውን ሁሉ ይመዘግባል። በአንዱ ገጽ የፈቃዱ ደብዳቤ ቅጂ፣ በሌላው የማኅተሙ ምት፣ ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ የነደፈበት ወረቀት ተለጥፎ። የዕድሜ ልክ ሥራው ነው። አቧራቸውን እየጠረግኩ ስገልጥ አንድ ንድፍ ላይ “ቤተ ክርስቲያን” የሚል አየሁ። ያው የኔ ቃል፣ ያው ክብ።

የእርሳስ መስመሮቹ ሳይጠፉ ቀርተዋል። የኮምፓሱ ጫፍ መሃሉ ላይ ከወጋው ቀዳዳ ተነስተው ወደ እያንዳንዱ ፊደል የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች። የኔን የትናንቱን ወረቀት አምጥቼ አጠገቡ ዘረጋሁት።

የሱ መስመር በፊደሉ መሃል አያልፍም።

“ቤ” ላይ መስመሩ በሁለቱ እግሮች መካከል ነው የሚያልፈው፤ ቀኝ እግሯ ላይ ያለችውን ቀለበት ከቁጥር አላስገባትም። የኔ ፕሮግራም ግን ቀለበቷን ጨምሮ ስለሚለካ መሃሉ ወደ ቀኝ ተንሸራትቷል፤ በዚያ ላይ ሲያዞራት “ቤ” ወደ አንድ ጎን ወደቀች። “ቲ”ም እንዲሁ፤ የሱ መስመር በቋሚዋ ላይ ነው፣ የኔ ቋሚዋና ቅጥያዋ መካከል ባዶ ቦታ ላይ። “ቂ”፣ “ቢ”፣ ሁሉም። እያንዳንዱ ፊደል የሚቆምበት እግር አለው፤ እኔ ያቆምኳቸው በሆዳቸው ነው።

ሰክረዋል። እግዜር ያሳያችሁ፣ እውነትም ሰክረዋል። አሁን ካየሁት በኋላ አላየሁም ማለት አልችልም። ሦስት ወር ሙሉ እንዴት እንዳልታየኝ እንጃ። መሬት ላይ ተቀምጬ አሥር ደብተር ገለጥኩ፣ አሥሩም ላይ እንደዚያው ነው።

ከዚያ ደግሞ ንዴቱ በአዲስ መልክ መጣ። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያውቅ ነበርና አልነገረኝም።

ዓርብ

መብራት ሌሊት መጥቷል። አባዬ ገና ሳይቀመጥ ደብተሩን ከፍቼ ጠበቅሁት። “ይህን እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት። “ምኑን?” አለ። መስመሮቹን በጣቴ እየተከተልኩ አሳየሁት፤ እግር፣ ቀለበት፣ ቅጥያ። መነጽሩን አድርጎ አየ፣ አውልቆ አየ። ፊቱን ሳየው ንዴቴን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

አያውቅም ነበር። በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያ ሲያደርግ ኖሮ እንደሚያደርገው አያውቅም። “እጄ ነው የሚያደርገው” አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀኝ እጁን አየው። ሐኪሙ ትናንት ምን እንዳለው እስካሁን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ፕሮግራሙ ውስጥ የነበረው ለውጥ አንድ መስመር ነው። ፊደሉን ስጽፍ የስፋቱን ግማሽ ያህል ወደ ግራ እስበው የነበረውን ትቼ፣ እያንዳንዱን እስከ ራሱ እግር ድረስ እስበዋለሁ። ቀላል። ግን የእግሩን ቦታ ማን ይነግረኛል? ቅጥያ ያላቸው ይገባኛል። “ር” የቱ ላይ ነው የምትቆመው? “ያ”ስ? ስፋታቸውንም፣ ቋሚያቸውንም፣ የቀለም ብዛታቸውንም እያሰላሁ ሞከርኩ። አባዬ ሁሉንም “ሰክሯል” አለ። በዚህ ቃል ስሜን ልቀይር ደርሻለሁ።

በመጨረሻ ወንበር አምጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ፊደሉን በትልቁ ስክሪኑ ላይ አወጣሁለት፤ ቀስቱን ስጫን ፊደሉ በመስመሩ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። “አንተ እይ፣ እኔ እገፋለሁ” አልኩት። እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠ።

“ወደ ግራ። ትንሽ። አይ፣ አበዛሽው። ተመለሺ። በቃ።”

“ር” ላይ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀብን። “ያ” ላይ ተጣላን። እኔ ወደ ቀኝ ነው የምትቆመው ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ክቡ ላይ አድርገን ስናያት እሱ ልክ ነበር። ምሳ አልበላንም። ከሰዓት በኋላ የመቂው ማኅተም ላይ ያሉት ፊደሎች በሙሉ አለቁ። ማሽኑ ጎማውን ቆረጠ፣ እንጨቱ ላይ ለጠፍኩት፣ ቀለም ነካሁና ወረቀት ላይ መታሁት።

አባዬ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ አየው። መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ጃኬቱን አነሳ። ጥሩ ነው አላለም፣ ሰክሯልም አላለም። ስለ ቁልፉም ምንም አላለም። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል?

ቅዳሜ

ጋሽ መርጋ በጠዋት መጡ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቁቤውን አነበቡ፣ አማርኛውን አነበቡ። “ይኸው” አሉ፣ “ኮምፒውተር ምን ቢራቀቅ ያንተን እጅ አያህልም፣ ወንድም ታደሰ። የድሮው እጅህ ነው፣ አወቅሁት።”

እኔ እዚያው ነኝ። ኮምፒውተሩ ፊት። አሁንስ እነግራቸዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

አባዬ ቀደመኝ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የቀለሙ ቆርቆሮ ክዳን አብሮ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሊደብቀው አልሞከረም። “እጁ የኔ አይደለም፣ ወንድም መርጋ። የኔ እጅ ይኸው። ያ የልጄ የሜሮን ነው” አለ።

ጋሽ መርጋ እጁን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። የአባዬን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ጥቂት ቆዩ። ሲወጡ “የወንጂውንም፣ የቆቃውንም፣ የመተሐራውንም ቀጥዪ፣ የኔ ልጅ” አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀምኩትን ስድብ ትቼ የወንጂውን ፋይል ከፈትኩ።

ቀጥለን ተቀመጥን። አራቱን ማኅተም ብቻ አይደለም፤ ከ“ሀ” ጀምረን ሁሉንም ፊደል እንጨርሰው አልኩት። ወንበሩን ራሱ ነው ስቦ ያመጣው። “ሐ” ሦስት እግር ስላላት መሃለኛው ላይ ቁማ አልቸገረችንም። “ሎ” ግን አጨቃጨቀችን።

አምስት ሰዓት ገደማ እማማ ጫልቱ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። “አከም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ፣ ታደሰ? ቅዳሜ ብለኸኝ አልነበር? ለቁልፉ ነው የመጣሁት” አሉ።

አባዬ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

“እማማ፣ ገና ‘መ’ ላይ ነን” አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ፣ “ወደ ግራ። ትንሽ።”