በሃርድ ዲስክ ፎርማት ላይ ስለተቀመጠው ሽምግልና

ለተከበሩ አቶ ሊባኖስ ማንደፍሮ፣
በሮተርዳም ዙይድ የ«አብሮነት» መረዳጃ ዕድር የምስልና የቅርስ ክፍል ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ቤተሰብዎ፣ ስኳርዎ፣ በተለይም በስብሰባ ብዛት የሚንገላታው ወገብዎ ደህና እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ፤ ነገር ግን በግል የላክሁልዎ ሁሉ አጀንዳ ሆኖ ስለቀረ፣ ምናልባት ሕዝብ ካነበበው እርስዎም እግረ መንገድዎን ያዩት ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ልጄ ሃዊ ከፋሲካ በኋላ ዴን ሃግ በሚገኝ አዳራሽ፣ ማዕረግ ከሚባል ስሎተርቫርት ከተባለ ሰፈር ልጅ ጋር ተሞሸረች። ደሴ ያለችው እናቴ ቪዛ ስለተከለከለች አልመጣችም። የዓይን ሐኪሟ ደግሞ የዓይኗ ግፊት ነርቩን እየጎዳው ስለሆነ ብርሃኗ ብዙ እንደማይቆይ ነግሯታል። የስልክ ምስል አይታያትም፣ ቤቷም ኢንተርኔት የለም፤ ያላት ጎኑ ላይ ዲስክ የሚሰካበት አንድ ትልቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ ከሁላችሁም የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይኗ ሳይጠፋ የልጅ ልጇን በሙሽራ ልብስ እንድታያት። በዕድራችን ደንብ የአባላት ሠርግ የሚቀረጸውም ፊልሙ የሚቀመጠውም በእርስዎ ክፍል ስለሆነ፣ አዲስ ሃርድ ዲስክ ይዤ እጅ ነስቼ ቀረብሁ። ከዚያ በኋላ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ዲስኩን የተረከበኝ የክፍላችሁ አባል ኢዩኤል በራሱ የማክ ኮምፒውተር ፎርማት አድርጎ፣ ማለትም ከማክ በቀር ሌላ መሣሪያ በማያነበው መልክ አዘጋጅቶ፣ ፊልሙን ስለጫነልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አቶ ፈቃደ የሚባሉ ደግ ሰው ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ተነስተው ደሴ ድረስ አደረሱልኝ። እናቴም ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። የወንድሜ ልጅ ዲስኩን ሲሰካው ቴሌቪዥኑ ምንም እንዳልተሰካ ጽፎ አሳየ። ቢነቅለው ቢሰካው ያው ነው። ጎረቤቶቿም ያለውን ቀማምሰው፣ እያጽናኗት ወደየቤታቸው ሄዱ። ኢዩኤልን ስጠይቀው «እትዬ ዕፀገነት፣ እኔ ጋ እኮ ይከፍታል» አለኝ። እሱ ጋ መክፈቱን አልተጠራጠርሁም፤ እናቴ ግን የምትኖረው እሱ ጋ አይደለም።

፪ኛ፦ ዲስኩ ተመልሶ ሲመጣ ሌላው አባላችሁ ሚሊዮን «ድሮም በዊንዶውስ ይሁን ብዬ ነበር» በማለቱ፣ ኢዩኤልም በመቀየሙ፣ ሁለቱ ሰላምታ እስከማቋረጥ ሲደርሱ፣ እርስዎ በብስለትዎ ሽማግሌዎች ሰይመው ስላስታረቋቸው እንደ ዕድሩ አባል ኮርቻለሁ። ሽማግሌዎቹም ማንም እንዳይከፋ በማለት የኢዩኤልንም የሚሊዮንንም ፎርማት ትተው፣ ፋት ሠላሳ ሁለት የሚባለውን የድሮውን መረጡ። በአጋጣሚም ቢሆን የእናቴ ቴሌቪዥን የሚያነበው እሱን ነበር። ይህ ፎርማት ግን ከአራት ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የሃዊ ሠርግ ደግሞ አንድ ትልቅ ፋይል ነበረ። ሃዊ ከሥራ በቀጥታ ስብሰባችሁ ድረስ መጥታ «አንተ ደግሞ፣ ኸዎን ቆራርጠህ ብዙ ፋይል አድርገው፣ ክላር!» አለችዎ፤ በሆላንድኛዋ ዝም ብለህ ቆራርጠው፣ አለቀ ማለቷ ነው። አንተ ስላለችዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እዚህ ያደገች ልጅ ናት። ሐሳቧ ግን ትክክል እንደነበር ኢዩኤልም ሚሊዮንም መሰከሩ፤ ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ሠርግ መቆራረጥ ለትዳሩ ደግ አይደለም፣ ሙሽሮቹ ላይ ክፉ ነገር እንጥራ ወይ ብለው ተቃወሙ። እርስዎም በዚሁ አጸኑት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ዲስኩ የቻለውን ያህል ብቻ ይጫን፣ የቀረውን መተው መቁረጥ አይባልም ተብሎ ተወሰነ።

በዚህም መሠረት እናቴ የመክፈቻ ንግግርዎን፣ የኮሚቴ አባላትን ትውውቅ፣ እንዲሁም የመክፈቻውን ንግግር በጥሞና ስላዳመጡ እንግዶቹን ያመሰገኑበትን ሁለተኛ ንግግርዎን ሳይቆራረጥ አይታለች። ከበሮው ተመትቶ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ሲዞር ፊልሙ አለቀ። ሃዊ ገና አልገባችም።

፫ኛ፦ ቀሪውን እንድትሰጡኝ ስለምናችሁ ጉዳዩን ለሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ ስላስተላለፉልኝ፣ ክረምቱን ሁሉም ለእረፍት ስለሄደ ስብሰባው ምልዓተ ጉባኤ ስላጣ፣ ፊልሙ የተቆለፈበትን የቁም ሣጥን ቁልፍ የያዘው ሰውም ቁልፉን ይዞ ስለተጓዘ አመሰግናለሁ። እኔም ታውስዞርኽ በሚባለው የቤት ውስጥ እንክብካቤ ሥራዬ የሰዎችን እናቶች ቤት ለቤት እያጠብሁና እያበላሁ ጠበቅሁ። በፍልሰታ ጾም አንድ ጠዋት እናቴ ከአልጋዋ ተነስታ መብራቱን ለምን አጠፋችሁት አለች። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር፤ ፀሐይም ወጥቶ ነበር። ሙሉው ፊልም በመስከረም ተፈቀደልኝ። ስላጸደቃችሁልኝ አመሰግናለሁ።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ አዝኛለሁ፣ ተናድጃለሁም፤ ከሁለቱም ይልቅ ግን ድካሙ በልጦብኛል። በዚያ ሁሉ ስብሰባና ሽምግልና ስለ ኢዩኤል ክብር፣ ስለ ሚሊዮን ቅያሜ፣ ስለ ትዳሩም በረከት ሲመከር፣ የሚያዩት ሴትዮ ቴሌቪዥን ምን ያነባል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሌላ የሚዳር ልጅ ያለው አባል ሲመጣ ይህን አንድ ጥያቄ ቢጠይቁልኝ፣ የእኔን ጉዳይ ከአጀንዳችሁ ልትሰርዙት ትችላላችሁ።

ዕድሜና ጤና፣ የማይጎረብጥ ወንበር፣ የማያቋርጥ አጀንዳም እየተመኘሁልዎ፣ ዓመቱን ሙሉ ለተሰጠኝ አገልግሎት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ መዋጮዬንም በወቅቱ የምከፍል ታዛዥዎ፣

ዕፀገነት ወርቅአፈራሁ
ከሮተርዳም ዙይድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሙሽሮቹ እስኪገቡ ድረስ በሙሽራው ወንበር ላይ፣ ደረትዎ ላይ አበባ ሰክተው ተቀምጠው ስለነበር፣ እናቴ ልጅቷን ለእርስዎ የዳርናት መስሏታል። «ለእኔ እኩያ ሰጣችኋት» እያለች ስታለቅስ፣ ሙሽራው ሌላ ነው፣ ወጣት ነው ብዬ ብምልላትም ለማጽናናት የምዋሽ ነው የሚመስላት፤ ማዕረግን እንዳላሳያት ደግሞ ጊዜው አልፏል። የስልክ ቁጥሯን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁና፣ ስብሰባ ሳይጠሩ፣ በራስዎ አንደበት ደውለው ሙሽራው እርስዎ እንዳልሆኑ ይንገሩልኝ።