የሌለውን ምንሽር አምጪ አሉኝ

ይድረስ ለአበጋዜ፣

ከቤት ከወጣህ ክረምቱ አልፎ የመስቀል አበባም ረግፏል። መርዶህ ከመጣ ወዲህ ጥቁር ልብሴን አላወለቅሁም። በሰው ፊት አንቱ እያልሁህ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን ሁለታችን ብቻ ስንሆን እንደምጠራህ አንተ ልበልህ። አባቴ ለቆሎ ተማሪዎቹ ፊደል ሲያስቆጥር ጥግ ላይ ተቀምጬ የለቀምኋት ጽሕፈት ለዚህ ቀን ትሆነኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ፊደሉ ቢጣመም ይቅር በለኝ።

ፈርቻለሁ አበጋዜ። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ከሸፈቱት ዘመዶችህ ጋር ቆላ ወርደህ መሞትህ የተሰማ ጊዜ፣ ሬሳህ ስላልመጣ ልብስህን አልጋ ላይ ዘርግተን አለቀስን። አልቃሿ እማማ ደብሬም መጡ። መቼም ታውቃቸዋለህ፤ እሳቸው ካለቀሱለት ድሃ ሆኖ የሚሞት የለም። ጥማድ በሬ ያልነበረውን ባለ መንጋ፣ ዕድሜውን በእግሩ የተጓዘውን ፈረሰኛ ያደርጉታል። አንተንም፣

የምንሽሩ ጌታ ባለ ሰጋር በቅሎ፣
ማን ይመልሰዋል ቆላ ወርዶ ውሎ።

እያሉ ሕዝቡን ደረት አስመቱት። እናትህ በዚያ ሐዘን ውስጥ ቀና ሲሉ አየኋቸው። እኔም አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ሙሾን ማን እውነት ነው ሐሰት ነው ብሎ ይጠይቃል?

ለካ ከለቀስተኛው መካከል ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ነበር። የሸፈተ ሰው ንብረት ይወረስ ተብሏልና የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ሊመዘግብ መጥቶ ኖሯል። ከከተማ የመጣ ነውና የአገራችንን ሙሾ አያውቅም፤ እማማ ደብሬ ያወረዱትን ሁሉ እንደ ምስክር ቃል ያዘው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን ያውቃል። ከአንተ ጋር በወንፈል ሲያርስ የኖረ ሰው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። እሱም ፈርቶ ይመስለኛል።

ከሳልስትህ በኋላ መጡና ላሟን፣ ቀፎዎቹን፣ ሞፈር ቀንበሩን ሳይቀር ወሰዱ። ጋቢህን ለልጃችን ለየሺ አልብሻት ስለነበር እሱን ተዉልን። አሁን ሰው በደጅ ባለፈ ቁጥር የሺ አልጋ ሥር ትገባለች። የተወሰደውም የተፈለገውም ተጽፎ መካነ ሰላም፣ አውራጃው መዝገብ ቤት ገብቷል። ጸሐፊው «የልጅ ልጅሽ ቢመጣ ያገኘዋል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን ሊያስፈራራኝ አልገባኝም።

በቅሎዋን በረሃቡ ጊዜ አጅባር ገበያ ስትሸጣት ያየ ሰው ስለተገኘ ተሰረዘች። ምንሽሩ ግን አልተሰረዘም። ከእናንተ የተማረከው መሣሪያ ሲታይ የአንተ የለም፤ የጨርቅ ልባሱ ብቻ መጣ፣ ውስጡም የወይራ ዱላ። ዱላውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ። ጠመንጃውን ቤቱ ደብቆ ሊያታልለን ነው ብለው ታናሽ ወንድምህን ሽመልስን አሰሩት። ስንቅ ሳደርስለት ፊቱ አባብጦ አየሁት። ሊቀ መንበሩ ወደ ጥግ ጠርቶኝ፣ «አብሽሪ እቴ፣ ጠመንጃውን አምጪና ወንድሙን ውሰጂ፤ አለዚያ ቅዳሜ ወደ ደሴ ይላካል» አለኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ከጩኸት ይልቅ እሱ አስፈራኝ። ከዚህ አገር ተይዞ ደሴ የሄደ ሰው ሲመለስ አላየንም።

ታዲያ ከየት ላምጣው? ያን የረሃብ ዘመን እኔና አንተ እናውቀዋለን። የሺ ማልቀስ እንኳ ያቃታት ሰሞን ጠመንጃዬን ላስጠግን ብለህ ወደ ከላላ ሄድህ፤ ስትመለስ ትከሻህ ላይ የነበረው ገብስ ነው። ጠመንጃውን ሸጦ በላ እንዳይሉህ ዱላ ጠርበህ ልባሱ ውስጥ ከተትህ፤ እኔንም በልጃችን ራስ አስማልኸኝ። ከዚያ ወዲያ ገበያም ሰርግም ዱላህን አንግተህ ትወጣ ነበር። በሰርግ ቤት እስቲ አንድ ተኩስልን ሲሉህ፣ ጥይት በከንቱ አላባክንም ብለህ ስትኮፈስ እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ እስቅ ነበር። ዘመዶችህ ባለ ምንሽሩ ና ብለው የጠሩህ ዕለት ግን ሳቁ አለቀ። የለኝም ማለት አፍረህ ዱላ ይዘህ ጦርነት ሄድህ። እናደድብሃለሁ አበጋዜ። ቀርተህ ቢስቁብህስ ምን ነበረበት?

ነገ ሕዝቡ ከዝግባው ሥር ይሰበሰባል። ተነሥቼ ልናገር ነው። በየሺ ራስ የማልሁትን ላፈርስ መሆኑ ልቤን ቢያርደው ንስሐ አባታችንን ጠየቅሁ፤ «መሐላው በእኔ ላይ ይሁን፣ ሰው አድኚ» አሉኝ። እማማ ደብሬም ሙሾዬ ለወግ ነው ብለው ሊመሰክሩልኝ ቃል ገብተዋል። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ሙሾ ትተዋል። በአገሩ ሰው ሲሞት ዝም ተብሎ ነው የሚለቀሰው፤ የሟቹን ከብት ስም የሚያነሳ እንኳ ጠፍቷል።

የምፈራው ሊቀ መንበሩን ብቻ አይደለም። እናትህም እዚያው ይሆናሉ። ልጄ ጠመንጃውን እንዳቀፈ ሞተ እያሉ ነው ማታ ማታ እንቅልፍ የሚወስዳቸው። ነገ እሷን መጽናኛ እኔ ልነጥቃቸው ነው፤ በየት በኩል ዓይናቸውን አያለሁ? ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ቢያምኑኝ ሽመልስ ይፈታል። ባያምኑኝ እኔንም ከእሱ ጋር ይወስዱኛል፣ የሺም ለማን እንደምትቀር አላውቅም። ቢሆንም እሄዳለሁ።

ለተዝካርህ የማበላው የለኝም፤ እስክሞት ግን አልረሳህም። ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አበጋዝ ጠመንጃ አልነበረውም፣ ዱላ ነው ያነገተው እላለሁ። እሱም ይጻፋል፤ መዝገብ ቤትም ይገባል። ቅዳሴ ላይ ቄሱ የሚጠሩህ ግን በክርስትና ስምህ ነው። እሱን አልጠየቁኝም፣ አልመዘገቡትምም። እኔም እዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም።